ቤትና ማሙሽ ተመሳስለዋል

መስከረም 21

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለም፣

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም ያግኝሽ። አባባስ እንዴት ከረሙ? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፣ ተሻላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ስራ ብቻ ነው አላስተነፍስ ያለኝ።

ቅዳሜ እለት በስልክ እየመራሁሽ የጫንሽው ፕሮግራም በትክክል እየሰራ ነው። «ይህን ተጫኚ፣ ያን ዝጊ፣ አይ ያን አይደለም» እያልኩ ሳዋክብሽ በሆድሽ ስትረግሚኝ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ተሳካልን። ከእንግዲህ አባባ እዚያ በትልቁ ኮምፒውተር የሚጽፉት ሁሉ ወዲያው እዚህ እኔ ላፕቶፕ ላይ ይገኛል። ይህ ነገር ማመሳሰል ይባላል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ያ አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ቀን ጭሱን ቢተፋ እንኳ የአባባ መጽሀፍ አይጠፋም። ለሳቸውም እንዲሁ ብለሽ አስረጃቸው፤ እሳቸው የጻፉትን የሚገለብጥ ጸሀፊ እንደቀጠሩ ይቁጠሩት።

ፕሮግራሙ ለሁለቱም ማሽኖች ስም ስጡ ሲል አባባ ናቸው ከጀርባሽ ሆነው የሰየሙት። የእናንተው «ቤት»፣ የኔው «ማሙሽ»። አርባ አመት አልፎኝ፣ ራሴ በርቶ፣ ላፕቶፔ ማሙሽ ተባለልኝ! ማታ ማታ የሚወጣውን መልእክት እኔው ወደ ቋንቋችን መልሼዋለሁ፤ «ቤት እና ማሙሽ ተመሳስለዋል» ይላል።

እኔ እንደምታውቂው የምውለው ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የሰው ኮምፒውተር ስጠግን ነው። የምሳ ሰአት ሲሆን ግን የአባባን ጽሁፍ ከፍቼ አነባለሁ። ስለ አባቴ መጽሀፍ ለባለቤቴ ቤተሰቦችና ለስራ ባልደረቦቼ ነግሬአቸዋለሁ፤ ወደነሱ ቋንቋ መልሼ ላሳትመው ቃል ገብቻለሁ፤ ሁሉም እየጠበቁት ነው።

በጋ ላይ እመጣለሁ። ረጅም እድሜ ለአባባ፣ ላንቺም እረፍት ይስጥሽ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 9

ለወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። አባባ ይህችን ዓረፍተ ነገር ባዩ ቁጥር ቀይ እስክሪብቷቸውን ነው የሚፈልጉት። «ናፍቆት በሽታ ነው ወይስ ጤና? ወይ ይለይለት ወይ ይውጣ» ይላሉ። እኔ ግን እንዳለች ትቻታለሁ።

የምጽፍልህ ከመነጽር ቤቱ፣ ከሥራ ቦታዬ ነው። በስልክ የሆድን መጫወት አልተቻለም፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ካልከፈትኩት አባባ «ምን ደበቃችሁኝ?» ይላሉ።

ደህና ናቸው፤ እንዲያውም እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየሁ ቆየሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ያረጀ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ስሕተት ሲለቅም ኖሮ፣ አሁን የራሱን ትዝታ ሲጽፍ ምን እንደሚመስል ብታይ! ኮምፒውተሩን ያኖርነው በእማዬ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ነው። መኪናዋን ብናነሣትም ፔዳሉ ከሥር ቀርቷል፤ አባባ ሲጽፉ ሳይታወቃቸው ይረግጡታል። በሁለት ጣት ይጽፋሉ፣ በአንድ እግር ይሰፋሉ። የሰፈሩ ማተሚያ ቤት ዛሬም የሠርግና የኀዘን ካርድ ሲያዘጋጅ ሳያሳያቸው አያትምም። ልጆቹ አሁንም «ጋሽ ነጠላ ሰረዝ» ነው የሚሏቸው።

ማታ ሥራቸውን ሲጨርሱ «ቤት እና ማሙሽ ተመሳስለዋል» የምትለውን ጮክ ብለው ያነቡና ያጠፋሉ። አንተ ደውለህ ደህና እደሩ ያልካቸው ነው የሚመስለው። ስለ መደወል ከተነሣ አንተም መደወሉን ቀነስ አድርገሃል። ማሽኑ ይበቃቸዋል ብለህ ነው?

ትናንት ግን አንድ ነገር ሆነ። በንጉሡ ሠ «ሠራተኛ» ብለው የጻፉት በእሳቱ ሰ «ሰራተኛ» ሆኖ አገኙት። «እኔ?» አሉ፣ ሰው እናታቸውን እንደሰደበባቸው። ዝቅ ሲሉ ደግሞ «ዓመት» በአልፉ አ ሆኗል። ሳቅንበት። ራት ሳይጨርሱ ግን ተነሥተው ገጹን እንደገና አነበቡት። አንተ ብትሆን አይደንቀኝም፤ ያለፈው ደብዳቤህ ውስጥ «አመት» ብለህ ጽፈህልኛል፤ እንዳያዩት ብዬ ነው ያጠፋሁት።

አሁን የእማዬ ሕመም ምዕራፍ ላይ ደርሰዋል። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። በጋ ላይ መምጣትህን ነግሬያቸው አልጋህን ከወዲሁ ወደ መስኮቱ አስጠግተዋል። እንዳትቀር።

እህትህ


ጥቅምት 27

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። አባባንም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ስለ ፊደሉ አትጨነቁ። «ሰራተኛ» በየትኛውም ሰ ቢጻፍ ደመወዙ ያው ነው! አሁን ሁሉም በአንድ አይነት ፊደል ነው የሚጽፈው፤ ለፍለጋም ለትርጉምም ይመቻል። ደግሞ እድሜ ነው፤ ጣት ይሳሳታል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የእማዬን ህመም ምእራፍ እያነበብኩ ነው። አይከብድም? ሁሉ ነገር ይጻፋል እንዴ? የቤት ገመና ለአደባባይ ሲወጣ ደግ አይደለም። መጽሀፉን የሚያነቡት እኛን የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ እንዴት እንደነበር አይገባቸውም። አንቺ ቅርብ ነሽና አለስልሰሽ ንገሪያቸው፤ ደስ የሚለውን፣ እማዬ ጤነኛ የነበረችበትን ይጻፉ።

በጋ ላይ የምመጣው ነገር ትንሽ ሊገፋ ነው፤ አለቃዬ ለሌላ ሰው ፈቃድ ሰጥቶብኛል። ለአባባ አሁን አትንገሪያቸው።

ወንድምሽ


ኅዳር 18

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ነገሩ ልግባ፤ ጨንቆኛል።

ማክሰኞ ጠዋት አባባ ጠሩኝ። «ነይ እስቲ ልጄ። እዚህ ጋ ምን ይነበብሻል?»

«ስለ እማዬ ፍራሽ።»

«ከሱ በታችስ?»

«ያረፈችበት ቀን።»

«በመሐሉስ?»

«በመሐሉማ ምንም የለም።»

«ጽፌ ነበር» አሉ። ቀጥለውም የጻፉትን ዓይናቸውን ጨፍነው በቃል አሉት፤ «በመጨረሻው ወር፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ባለቤቴ አንገቷን ቀና ታደርግ ነበር። ልጃችን አልመጣም። እኔም በሩን ዘይት ቀባሁት፣ ሲከፈት እንዳይጮህ።» ነጠላ ሰረዙ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ቀሰሩ።

እንደገና ጻፉት። በማግስቱ ጠዋት የለም። ሦስተኛ ጻፉት፤ እኔ ከሥራ መጥቼ ላየው ስል ያም የለም። አርጅተው የማያውቁት ሰውዬ ያን ዕለት አረጁብኝ። «ያላደረግኩትን አደረግኩ የምል ሰው ሆኛለሁ። በልቤ ጽፌው ይሆናል እንጂ በእጄ አልጻፍኩትም» አሉ። ማተሚያ ቤቱ የላከውን የኀዘን ካርድ ሳያዩ መለሱት። «የሟች ስም በኔ ዓይን ሥር ቢሳሳት ቤተሰቡን በምን አፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ? የማይታመን ዓይን ለሰው አያነብም» አሉ። ካርዱን ይዞ የመጣው ሰው እንደያዘ ተመለሰ።

ምናልባት ጣታቸው መሰረዣውን እየነካባቸው ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። ግን ሦስት ጊዜ? ሁልጊዜ ያችኑ ቦታ?

አንተ የዚህ ነገር ባለሙያ ነህ። ማሽኑ እንዲህ ያደርጋል ወይስ አያደርግም? አንድ ቃል ብቻ መልስልኝ። ያደርጋል ካልከኝ ዛሬውኑ እነግራቸውና እፎይ ብለው ይተኛሉ። ጥፋቱ የማሽኑ ይሁን የጭንቅላታቸው፣ አሁን ከዚህ የበለጠ ማወቅ የሚፈልጉት ነገር የለም።

ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ


ታህሳስ 26

ለውድ እህቴ፣

እንደምን አላችሁልኝ? በመዘግየቴ ይቅርታ፤ መስሪያ ቤታችን ህንጻ ቀይሮ ኮምፒውተር ስሸከም ከረምኩ። ወገቤ ቆረጠ።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ፣ ማሽን በራሱ ተነስቶ አንድ ፊደል እንኳ አያጠፋም። ሰው ያደረገውን ነው የሚያደርገው። ስለዚህ አባባን ሀኪም ቢያያቸው ጥሩ ይመስለኛል። በጊዜ ከተደረሰበት መድሀኒት አለው ይላሉ። የባልደረባዬም አባት እንዲሁ ነበሩ፤ አሁን ረጋ ብለዋል።

እስከዚያው ከመጻፉ ይረፉ። የቀረውን እኔ እዚህ ካለው ላይ አስተካክዬ እጨርስላቸዋለሁ። አደራ፣ አታድክሚያቸው። በጋ ላይ መምጣቱ ስላልሆነልኝ የምመጣበትን ሌላ ጊዜ አሳውቅሻለሁ።

ጤናቸውን ይመልስልን።

ወንድምሽ


ጥር 8

ለወንድሜ፣

ሰላም ነህ? እኛ አለን፤ መኖር ይህ ከሆነ።

እንዳልከው ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ትሑት ልጅ ናት። ቃላት ነገረቻቸውና ወዲያ ወዲህ ብላ መልሳ ጠየቀቻቸው፤ አንድም አልሳቱ። ሰዓት ይሣሉ ስትላቸው ሣሉ። «ደህና ነዎት እኮ» አለቻቸው። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ያንቺ ጥያቄ ቀላል ነው። እኔ የሚጠፋኝ የጻፍኩት ነው» ብለው የሆነውን ሁሉ አስረዷት። ሰውዬው በራሳቸው ላይ ምስክር ሆነው ሲቆሙ እሷ ምን ታድርግ? መድኃኒት ጻፈችላቸው።

መድኃኒቱ ያስተኛቸዋል። ቀን ቁጭ ባሉበት ራሳቸው ዘንበል ይልና አፋቸው ይከፈታል። የቤቱን ቁልፍ «እኔ ጋ አይቀመጥ» ብለው ሰጥተውኛል። ጋዜጣ ሲያነቡ እስክሪብቶ አይዙም። ፔዳሉ ዝም ብሏል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ትናንት ግን ሹራባቸውን እያለበስኳቸው እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂብኝ» አሉኝ።

«ይጠይቁኝ አባባ።»

«ማሙሽ መጥቶ ነበር እንዴ?»

«መቼ?»

«እናትሽ ስትታመም። እኔ እኮ አልመጣም እያልኩ ስጽፍ ነበር። የጻፍኩት ሁሉ እየጠፋ ሲያስቸግረኝ፣ ምናልባት ውሸት ስለሆነ ይሆን ብዬ አሰብኩ። መጥቶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እኔ ረስቼው ከሆነ ልጄን አምቻለሁ። እግዜርም አይወደው።»

አንጀቴን በሉት። እንዲህ ብለው የሚጠይቁኝ ሰው፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ያመለጠኝን ፊደል ሁሉ ከነቀኑ የሚያስታውሱ አባቴ ናቸው። «አልመጣም አባባ፣ ልክ ነዎት» አልኳቸው። ልክ ነዎት ማለት እንዲህ ይመራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መምጫህን ቁርጡን ንገረኝ። ሌላ የምጠይቅህ የለኝም።

እህትህ


የካቲት 5

ለእታለም፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስራም አልገባሁ።

ምን ልበልሽ? እኔም ያመኛል። አባባን እንዲህ አታስጨንቂያቸው። መጥቶ ነበር በያቸው። ምን ይጎዳል? እረፍት ካገኙበት ይበቃል፤ እውነቱን እኔና አንቺ እናውቀዋለን። ለታመመ ሰው እንዲህ ማለት ሀጢአት አይደለም።

ኮምፒውተሩንም ሸፍኚው፣ አይክፈቱት። ስለ መጽሀፉ አታስቡ፣ በኔ ጣሉት። ስለ መምጣቴ ሳምንት እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ


መጋቢት 4

ለማሙሽ፣ ለላፕቶፑ፣

ሳምንትህ እንዴት ነው? አላለቀም?

የመጣሁበትን ልንገርህ። ደብዳቤህ በደረሰ ሰሞን መንገድ ቆፋሪዎች የሰፈሩን የኢንተርኔት መስመር በጠሱት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጸጥ አለ። ያን ሰሞን ነው አባባ በራሳቸው ጊዜ ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጡት። እኔ እንዳልከው አልሸፈንኩትም። «አንድ ጊዜ ልሞክር፤ ከጠፋ ጠፋ» ብለው ያችኑ ነገር ጻፏት። በማግስቱ ከፈቱ። አለች! በሦስተኛው ቀንም አለች። በሳምንቱም አለች። ጠርተው አሳዩኝ። መድኃኒቱን «ልጄ፣ ይህን ለሐኪሟ መልሺላት፤ አመስግነሽ» አሉ። ቁልፋቸውን ተቀበሉኝ። የማተሚያ ቤቱን ካርድ ሊያርሙ ወጡ። ፔዳሉ ጀመረ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የፔዳሉን ድምፅ እየሰማሁ አለቀስኩ።

ዓርብ ዕለት መስመሩ ተቀጠለ። እሳቸው ማተሚያ ቤት ነበሩ፣ እኔ ጠረጴዛውን እወለውል ነበር። ዓይኔ እያየ ከ«ትዝታዬ» ጎን ሌላ ፋይል ብቅ አለ። «ትዝታዬ፣ የማሙሽ የተጋጨ ቅጂ» ይላል። አልገባኝምና መነጽር ቤት የኛን ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሰው ጠየቅኩት። «ሁለታችሁም በየፊናችሁ ቀይራችሁታል፤ ማሽኑ የማንኛችሁን እንደሚይዝ ስላላወቀ ሁለቱንም አስቀመጠ» አለኝ።

«እኛ ጋ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጽፈው፤ እዚያ ያለው ግልባጭ ነው» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ግልባጭማ አይደለም። አንድ ነው። እዚያ የተሰረዘ እዚህም ይሰረዛል።»

ሁለት ባላ ያልከኝ ለካ አንድ ባላ ነው። የዛፉን ጫፍ አንተ ይዘህ ነበር የምትነቀንቀው።

ቅጂህን ከፈትኩት። የእማዬ በር የለም፣ ዘይቱ የለም። በቦታው ምን አለ መሰለህ? አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ልጻፍልህ፣ በእጄም ይለፍ፤ «ልጃችን ሩቅ ቢሆንም አይኗን እስክትከድን ከአጠገቧ አልተለየም።»

በአባባ አፍ። በአባባ ስም። ደግሞ «አይኗን»! ዓይንን ያለ ዓይኑ ዐ! ያለ ዓይን የሚጻፍ ዓይን ከማን እጅ እንደሚወጣ እኔ አላውቅም? ውሸቱን እንኳ በአባባ ፊደል መዋሸት አቃተህ?

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አንተ ስትበላ አባባ መድኃኒት ዋጡ። ኅዳር ላይ አንድ ቃል መልስልኝ ብዬ ለመንኩህ። «ማሽን በራሱ አያጠፋም፤ ሰው ያደረገውን ነው የሚያደርገው» ብለህ ጻፍክልኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አነበብኩት! ውሸት የለበትም። እንዲህ ያለ እውነት የሚጽፍ ሰው ከውሸታም ይብሳል። ከዚያ «ሀኪም ይያቸው» አልክ። ከዚያ «መጥቶ ነበር በያቸው» አልክ። አባቴን ያሳበዱልኝ ጠላቶች ቢሆኑ ኖሮ ስማቸውን እየጠራሁ እረግም ነበር። አሁን ማንን ልርገም? የእናቴን ልጅ?

ለሰው የምትታዘዝ፣ የምትጠግን፣ የምትሸከም ትሑት ነህ ይላሉ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ።

ለአባባ አልነገርኳቸውም፤ ቅጂህንም ከዓይናቸው ሰውሬዋለሁ። መንገር ያለብህ አንተ ነህ፤ በድምፅህ፣ በስልኩ፣ ሁላችንም እየሰማን። እሳቸው አሁንም ከመክፈታቸው በፊት «መስመሩ ተመልሷል፤ በሽታዬም ይመለስ ይሆን?» ብለው ይፈራሉ።

እህትህ


መጋቢት 12

ለእህቴ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም።

ያቺን ነገር መጀመሪያ ያነበብኳት ምድር ቤት፣ ምሳዬን ስበላ ነው። «ልጃችን አልመጣም።» ሁለት ቃል። ስራ ከጀመርኩ ገና ሙከራ ላይ እንደነበርኩ የለም። ሄጄ ቢሆን እንደሚያባርሩኝ የለም። ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጃኬቴን አፌ ውስጥ ከትቼ እንዳለቀስኩ የለም። አልመጣም፣ አራት ነጥብ፣ አለቀ። መጽሀፍ እኮ ነው! እኛ ሁላችን ሞተን ያቺ አረፍተ ነገር ትኖራለች።

ሰረዝኳት። በማግስቱ ተመልሳለች። አባባ ያወቁብኝ፣ እልህ ተጋብተው የሚመልሷት መሰለኝ። እውነቴን ነው። በዝምታ የምንጨቃጨቅ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ከስንት አመት በኋላ አባቴ ሊያናግረኝ ፈለገ ብዬ ነበር። ያንቺ የህዳሩ ደብዳቤ ሲመጣ ነው ነገሩ የገባኝ። ያኔ እንዴት ብዬ ልናገር? አንድ ቀን ሲያልፍ ለመናገር ከበደ፤ ሳምንት ሲያልፍ ደግሞ የባሰ። ለባለቤቴም ቤተሰቦች እናቴ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ ብያቸዋለሁ። መጽሀፉ ይሄን ሊያወጣብኝ ነው።

አንቺ እዚያ ነበርሽ። ለመኖር ያደለሽ አንቺ ነሽ። እዚያ ያልነበረ ሰው የሚሆነውን አታውቂም።

እለምንሻለሁ፣ የተጋጨውን ቅጂ አጥፊው። አባባ የጻፉት ይቆይ፣ እኔ ከእንግዲህ አልነካውም። ለሳቸው ግን አትንገሪያቸው። ተሽሏቸው የለ? ሆድ ይፍጀው። ድነዋል፣ ይበቃል። ለመናገር ወኔ አጣሁ፤ ስልኩን ሶስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት።

ማሙሽ


መጋቢት 29

ለወንድሜ፣

እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትህ በቀር» የሚለውን አባባ እንዳሉት አውጥቼዋለሁ።

ይህን በፖስታ የላክሁልህ ከውስጡ ያለው ወረቀት በኮምፒውተር ስለማይሄድ ነው።

ቅጂውን አላጠፋሁትም። አንድ ሳምንት ስልክህን ጠበቅሁ። አልደወልክም። እሑድ ጠዋት አባባን አስቀምጬ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ከፈትኩላቸው። «የእርስዎ ሥራ የትኛው ነው? ይዩልኝ» አልኳቸው። ማስመሪያ አስመጥተው የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ እያስደገፉ መስመር በመስመር ወረዱ፣ በማተሚያ ቤት እንደሚያደርጉት። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነበር። «አይኗን» የምትለው ጋ ሲደርሱ ፔዳሉ ቆመ።

«ይህ የኔ እጅ አይደለም» አሉ።

«አይደለም አባባ።»

«የማነው?» ብለው ጠየቁኝና፣ እኔ ሳልመልስ የፋይሉን ስም አነበቡት። ማሙሽ። ያወጡልህ እሳቸው ናቸው።

ከኅዳር ጀምሮ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ አንተ የጻፍክልኝን፣ ያለቀስክበትን ደረጃም ጭምር፤ ምንም አልቀነስኩብህም። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ጭንቅላታቸው ጤነኛ መሆኑን ነው እኮ የምነግራቸው! ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣

«ምነው የኔው ጭንቅላት በሆነ ኖሮ» አሉ።

ያን መድኃኒት እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ቢውጡት ይሻላቸው ነበር። ይህንን ነው የማልረሳልህ። ጤናቸውን ስመልስላቸው ልጃቸውን ወሰድኩባቸው፤ ያንተን ሥራ እኔ ጨረስኩት።

ቆይተው የራሳቸውን ቅጂ እንዳትምላቸው ጠየቁኝ፤ ያችን ገጽ ብቻ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ። እኔ ሁሉንም የሚሰርዙልህ መስሎኝ ነበር፤ አባት ናቸውና። «ልጁ የሠራውን ጥፋት አየሽው?» አሉኝ። «መሰረዙ አይደለም። ሰው ይሰርዛል። ሲሰረዝ ግን መስመር ይሰመራል፤ ጸሐፊው ምን እንደወጣበት ማየት አለበት። የሰረዘውም ከጎኑ ይፈርማል። ያለ መስመር የሚሰርዝ አራሚ እኔ ቤት አላሳደግኩም ነበር።»

ማስመሪያውን አስደግፈው አሰመሩ። በኅዳጉ ላይ «ይውጣ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ስታየው ታውቃለህ።

ማመሳሰሉን አጥፍቼዋለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ኮምፒውተሩ «ማሙሽ አልተገኘም» አለ። አባባ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው አንብበውት አጠፉት። አሁን ትዝታቸውን ቀጥለዋል፤ ጉልበታቸውም ይሻላቸዋል። መጽሐፉ እዚሁ፣ በሰፈሩ ማተሚያ ቤት ይታተማል።

ወረቀቱን አንብበው። በሩ እንዳለ ነው፣ የእማዬ አንገት እንዳለ ነው፣ ዘይቱም አለ። «አልመጣም» የሚለውንም አልነኩትም። ያወጡት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ልጃችን» የሚለውን። ከመስመሩ ሥር በደንብ ይነበባል።

እህትህ